ሳኒታይዘር የተቀባው ሴንሰር፦ ከኮዬ ፈጬ የመጣ አንድ ካሜራ

ካሜራው ካኖን 6ዲ ነው። ከሰው እጅ የተገዛ፣ ጥግ ጥጉ የተፋቀ፣ ግን በደንብ የሚሠራ ቦዲ (ሌንሱ ሳይቆጠር ካሜራው ራሱ)። ባለቤቱ ኮዬ ፈጬ የሚኖር ወጣት ነው። ሠርግ፣ ምርቃትና ልደት እያነሳ ይተዳደራል። ጥር ላይ ሥራ ይበዛበታል። ጥምቀት ካለፈ ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሠርግ በሠርግ ነው። ችግሩም የመጣው በዚያ ሩጫ መሃል ነው።

ሲያመጣልኝ ፊቱ ልክ አልነበረም። "ጋሼ፣ ሴንሰሩ ተቃጥሏል አሉኝ" አለ። ሴንሰር ማለት ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል ነው። አንድ ጥገና ቤት ወስዶት ነበር። እዚያ አንድ የሙከራ ፎቶ እንኳ ሳያነሱ ሴንሰሩ መቀየር አለበት ብለው ዋጋ ነገሩት። በዚያ ዋጋ ላይ ትንሽ ቢጨምርበት ሌላ ያገለገለ ቦዲ ይገዛል።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ካሜራ ቶሎ ቶሎ ስለሚያጋጥመኝ ነው። አቧራው ቀላል ነበር። ካሜራውን ያስቸገረው ማጽዳቱ ነው።

ቅሬታው ምን ነበር?

ልጁ ሁሉንም በአንድ ላይ "ቆሽሿል" ይለዋል። እየጠየቅኩት ስሄድ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ።

አንደኛው በቪውፋይንደር፣ ማለትም ዓይን በሚጠጋበት ማያ ቀዳዳ፣ ሲያይ የምትታየው ጥቁር ነጥብ ናት። ይቺ ፎቶው ላይ የለችም። በዚህ ዓይነት ካሜራ በቪውፋይንደር ታይቶ ፎቶ ላይ የማይወጣ ቆሻሻ ሴንሰሩ ላይ አይደለም። ምስሉን ወደ ቪውፋይንደሩ ከሚመልሰው ሚረር በላይ ያለው የፎከስ ስክሪን ላይ ነው። ፎቶ አያበላሽም። ስክሪኑ ደግሞ ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ በጨርቅ ከነኩት ይጫጫራል። በመንፊያ ከለቀቀ ለቀቀ፣ ካልለቀቀ ይተዋል። ልጁ መጀመሪያ ካሜራውን የከፈተው ይቺን ነጥብ ለማውጣት ብሎ ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ሰማይ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። በሁሉም ፎቶ ቦታቸው አንድ ነው። ሌንስ ቢቀየርም አይንቀሳቀሱም። ይህ የሴንሰር አቧራ ነው።

ሦስተኛው ነው ያስደነገጠው። በፎቶው ላይ በስተቀኝ፣ ከላይ በኩል፣ ሰው የተነፈሰበት መስኮት የመሰለ ጭጋግ አለ። ነጭ ቬሎ እዚያ ላይ ሲያርፍ ግራጫ ይሆናል። ጭጋጉ መቼ እንደመጣ ስጠይቀው ዝም አለ።

"ምን አደረግክበት?"

"ትንሽ ጠረግኩት።"

"በምን?"

"በመነጽር ጨርቅ ነው ጋሼ... ሳኒታይዘር ነካ አድርጌ።"

እዚህ ላይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ የቀረው የሚረጨው ሳኒታይዘር አልኮል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቀመር ከኤታኖል የሚሠራው 80 በመቶ ኤታኖል፣ 1.45 በመቶ ግሊሰሮልና 0.125 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለው። የቀረው ውሃ ነው። ግሊሰሮሉ የሚገባው እጅ እንዳይደርቅ ተብሎ ነው። ለእጅ ጥሩ ነው። አልኮሉ ተንኖ ሲሄድ ግን ግሊሰሮሉ ይቀራል። አይተንም። እርጥበት እየሳበ ከሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት ላይ ይቀመጣል። ያ ጭጋግ የተቃጠለ ሴንሰር ሳይሆን የእጅ ቅባት መሆኑን በዚያው ጠረጠርኩ።

የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግሊሰሮል ባይኖረው እንኳ ቀሪው ውሃ ነው። ሲደርቅ ዳር ዳሩን ቀለበት ይሠራል።

መጀመሪያ ፎቶው ይመርመር

ወደ መስታወቱ ከመሄድ በፊት የሙከራ ፎቶ ያስፈልጋል። አሠራሩ ቀላል ነው። አይኤስኦ (የብርሃን መቀበያ ልኩ) 100፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 16። የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ፎከሱ በእጅ ይሁንና ወደ ሩቅ ይዞር። ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ተከፍቶ በቅርበት ይነሳል። ሻተሩ (ከሴንሰሩ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ቢዘገይ ችግር የለውም። እንዲያውም ሻተሩ ክፍት ሳለ ካሜራውን ወዲያ ወዲህ ማድረግ ጥሩ ነው። የስክሪኑ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለው ግን አብሮት ስለሚንቀሳቀስ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ኮንትራስቱ ከፍ ይደረጋል።

ለምን ኤፍ 16? እኛ ሴንሰር አጸዳን ስንል ሴንሰሩን አንነካውም። የምንነካው ከፊቱ ያለውን የማጣሪያ መስታወት ነው። አቧራው የሚያርፈው እዚያ ላይ፣ ከሴንሰሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ካሜራው የሚያየው አቧራውን ሳይሆን የአቧራውን ጥላ ነው። በረጅም ፍሎረሰንት ሥር የእጅ ጥላ ይደበዝዛል፣ በፀሐይ ግን ጣት በጣት ይለያል። ሰፊ አፐርቸር እንደ ፍሎረሰንቱ ነው። ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ ጥላው ይጠፋል። በኤፍ 2.8 የተነሳ የአዳራሽ ፎቶ ላይ አቧራ የማይታየው ለዚህ ነው። የዚህ ልጅ የሠርግ ፎቶም አዳራሽ ውስጥ የተነሳው ንጹሕ ነበር። የተበላሸው ውጭ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በኤፍ 11 እና ከዚያ በላይ የተነሳው የቤተሰብ ፎቶ ነው።

የሙከራው ፎቶ ሲከፈት ሦስት ዓይነት ምልክት ወጣ። ጠርዛቸው የለየ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። እነዚህ ደረቅ አቧራ ናቸው። አንዲት የተጠቀለለች ክር ነገር አለች። ከጨርቁ የቀረች ጭረት መሰለችኝ፣ ክር ሆና ተገኘች። ከዚያ ሰፊው ጭጋግ አለ። ጠረጋው የሄደበት መስመር ሳይቀር ይታያል። የተቃጠለ ሴንሰር እንዲህ ያለ የጣት መንገድ የለውም።

ከካሜራው ውስጥ የሚረጭ ዘይት ቢሆን ኖሮ ክብ፣ ዳሩ የጠቆረ መሃሉ የሳሳ ነጠብጣብ እጠብቅ ነበር። ነጠብጣብ ሁሉ ከውጭ አይመጣም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዲ600 ላይ ሰው ያማረረው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ኩባንያው በ2013 መጀመሪያ ማሳሰቢያ አወጣ፣ በ2014 ደግሞ ካሜራዎቹን ያለ ክፍያ እያጸዳ ሻተር መቀየር ጀመረ። የእኛ 6ዲ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ቦታውን ለማወቅም አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ነው ሴንሰሩ ላይ የሚጥለው። ካሜራውን ቀጥ አድርጎ በሌንሱ በኩል ወደ ውስጥ ለሚያይ ሰው፣ ፎቶው ላይ ከላይ በቀኝ ያለው ቆሻሻ ከታች በቀኝ ነው የሚገኘው። ግራና ቀኙ አይለወጥም፣ ላይና ታቹ ይገለበጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ንጹሑን ጥግ ሲያሽ ይውላል። በትንሽ ባትሪ አጋድሜ ሳበራ ቅባቱ ከታች በቀኝ እንደ ሳሙና ውሃ አብረቀረቀ።

አቧራው ከየት መጣ?

ኮዬ ፈጬ በደቡብ ምሥራቅ የአዲስ አበባ ጠርዝ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ይይዛል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ዱቄት ይሆናል። ዋናው አስፋልት ላይ ደህና ነው። ወደ ብሎኮቹ መሃል ሲገባ ግን ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አመድ የመሰለ አቧራ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲመጣ ደግሞ በር ዘግቶም አያመልጡትም።

ልጁ ሁለት ሌንስ ይዞ አንድ ቦዲ ነው ያለው። 24–105 እና 50። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ አንዱን፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ሌላውን። ቅያሪው ሁሉ መንገድ ዳር ነው። የቦዲው ክዳን ኪሱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ኪሱን ገልብጬ ሳይ የዳቦ ፍርፋሪ ሳይቀር አለ። ብዙ ሰው አቧራ ከአየር ብቻ የሚገባ ይመስለዋል። እኔ እንደማየው ግን ትልቁ በር ክዳኑና ቦርሳው ነው።

ካሜራው ራሱም ያራግፋል እኮ። ሲከፈትና ሲዘጋ ያንን መስታወት በከፍተኛ ፍጥነት ያንቀጠቅጠዋል። ይህን በመጀመሪያ ያመጣው ኦሊምፐስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢ-1 ካሜራው። ካኖን በ2006 በ400ዲ ተከተለ። ለደረቅ አቧራ ይጠቅማል። ለተጣበቀ ነገር፣ በተለይም ለግሊሰሮል፣ ምንም አያደርግም። ልጁ በተደጋጋሚ እያበራ እያጠፋ ሞክሮታል። ከዚያ በአፉ ነፋበት። ምራቅ ደረሰበት። ከዚያ ጨርቁ መጣ።

ያለ ንክኪ የሚሄደው ይሂድ

ሥራውን በጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሳ ጀመርን። ክፍሉ ወለሉ በእርጥብ መጥረጊያ ተወልውሏል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ልጁ ጋቢ ደርቦ ነበር የመጣው። አስወለቅኩት። ጋቢ ክር ይበትናል። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትል ዕጣኑ ከሥራው በኋላ እንዲሆን ለመንኳት። ጭስ የረጠበ መስታወት ላይ ቢያርፍ ድካሙ ከንቱ ነው።

ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት። ይህ ቀልድ የለውም። እንዲህ ባለው ካሜራ ሴንሰሩን ለማግኘት ሜኑው ውስጥ ገብቶ በእጅ ማጽጃውን መምረጥ ነው። ሚረሩ ይነሳል፣ ሻተሩ ይከፈታል። መሃል ላይ ባትሪው ካለቀ ሻተሩ ይዘጋል፣ ሚረሩ ይወርዳል። ውስጥ ሱዋብ (ጫፉ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ያለው ማጽጃ ዘንግ) ካለ ሻተሩ ይጎዳል። ልጁ ይዞት የነበረው ባትሪ ኦሪጅናል አልነበረም። ሙሉ ነው ብሎ ያሳይና ድንገት ይጠፋል። በእኔ ቀየርኩት። ሻተሩን በጣት ተጭኖ በመያዝ የሚያጸዱ ሰዎችም አሉ። ጣት ላላ ሲል የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

መጀመሪያ መንፊያው ነው። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ። ውስጡ ያለውን አቧራ እንዲያወጣ ወደ ጎን ብዙ ጊዜ ጨመቅኩት። አዲስ ጎማ ውስጥ ዱቄት ሊኖር ይችላል። የሕፃን አፍንጫ መሳቢያን ለዚህ ሥራ የሚያውሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። ካሜራውን አፉን ወደ ታች አድርጌ ያዝኩ። የሚለቀው አቧራ ይወድቃል እንጂ ተመልሶ አይቀመጥም። የመንፊያውን ጫፍ ሌንሱ ከሚገጥምበት ቀለበት አላሳለፍኩትም። እጅ ከተንቀጠቀጠ መስታወቱን ይወጋል።

በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው የኮምፒውተር መንፊያ ግን ወደ ሴንሰር አይጠጋም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ይወጣል፣ መስታወቱ ላይም እድፍ ይጥላል።

ድጋሚ የሙከራ ፎቶ። አብዛኞቹ ጥቁር ነጠብጣቦች ሄደዋል። ክሯም ሄዳለች። ጭጋጉ እንዳለ ነው። ጉዳዩ አቧራ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቆም ነበር። ደረቅ አቧራ ብቻ ያለበትን ሴንሰር በፈሳሽ መንካት ትርፍ ሥራ ነው።

ከመንፋቱ በፊት በፈሳሽ መጀመርስ? በፍጹም። የዋልካ ብናኝ ውስጥ ጠንካራ ቅንጣት አይጠፋም። ያንን በእርጥብ ነገር መጎተት መስታወቱን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ልጁ በጨርቅ ያደረገውም ይኸው ነበር፣ ውጤቱን ወደ በኋላ አየነው።

ፈሳሹ

የ6ዲ ሴንሰር ቁመቱ 24 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 24 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሱዋብ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጉዞ ይሸፍነዋል። እንደ 700ዲ ላሉት ትንንሽ ሴንሰሮች 16 ሚሊሜትሩ ነው ልኩ። ሰፊውን በጠባቡ ውስጥ ማስገደድ ጠርዙን ያስመታል። ጠባቡን በሰፊው ላይ መጠቀም ደግሞ መሃል ላይ መስመር ይተዋል።

ፈሳሹ ለሴንሰር ተብሎ የተሠራ፣ ንጹሕ ሜታኖል ነው። እዚህ አገር ሱዋቡን ከሚመጣ ሰው ማስላክ ይቻላል። ፈሳሹ ነው የሚያስቸግረው። ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይወደድም። አልኮል የሌለባቸው የሴንሰር ፈሳሾችም አሉ፣ ለብዙ ሥራ ይበቃሉ። ሜታኖል መርዝ ነው። ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ልጆች ካሉበት ይራቅ፣ መስኮት ከፈት ባለ ቦታ ይቀመጥ፣ ከእሳትም ይራቅ።

ሱዋቡ ጫፍ ላይ ጥቂት ጠብታ። ማርጠብ እንጂ መንከር አይደለም። ፈሳሹ እስኪሰራጭ ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ሱዋቡን ትንሽ አጋድሜ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ አንድ ጊዜ፣ ሳላነሳ፣ ሳልመልስ ጎተትኩት። የሱዋቡ ጫፍ ጎበጥ እስኪል ያህል ብቻ ነው የሚጫኑት። ጠርዝ ላይ ሲደርስ ገልብጬ በንጹሑ ጎን ተመለስኩ። ያ ሱዋብ ሥራው አለቀ፣ ተጣለ። አንድ ሱዋብ ውድ ነው ብሎ ደጋግሞ መጠቀም ያነሳኸውን ቆሻሻ መልሶ መቀባት ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ካለፈ በኋላ የሙከራው ፎቶ ከበፊቱ ብሶ ታየ። ልጁ ጭንቅላቱን ያዘ። ይህ ግን የሚጠበቅ ነው። ግሊሰሮሉ ሟሟና ከጥጉ ወጥቶ በሰፊው ተሰራጨ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ በያዘው ነገር ሁሉ ማሸት ይጀምራል። አዲስ ሱዋብ ወስጄ ያንኑ ደገምኩ። ጭጋጉ ሳሳ። በሌላ አዲስ ሱዋብ ስደግመው በኤፍ 16 የቀረው በአንዱ ዳር ላይ ያለች ቀጭን የቅባት መስመር ብቻ ሆነች። ሱዋቡ ሲያነሳ እየገፋ የሚተዋት ናት። እሷም ተነሳች።

ምን ቀረ?

ጥግ ላይ ጥቂት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ቀሩ። በኤፍ 22 ይታያሉ፣ በኤፍ 11 አይታዩም። ልጁ "እነሱንም እናውጣቸው" አለ። እምቢ አልኩ። መስታወቱ ላይ ያለውን ሽፋን በነካነው ቁጥር አንድ የመጫር ዕድል እንሰጠዋለን። ሠርግ በኤፍ 22 የሚያነሳ ሰው ደግሞ አላውቅም።

ሌላም ነገር ቀርቷል። ቅባቱ ሲነሳ ከሥሩ አጭር፣ ፀጉር የመሰለች ጭረት ወጣች። በጨርቁ ሥር የነበረ ቅንጣት የሠራት ናት። መንፊያም ሱዋብም አይነካትም። በኤፍ 8 የለችም። በኤፍ 16 ነጭ ነገር ላይ ለሚፈልጋት ሰው ትታያለች። መድኃኒቷ የማጣሪያ መስታወቱን ማስቀየር ነው። ለዚህ ካሜራ አያዋጣም።

የተበላሹትን የሠርግ ፎቶዎች በተመለከተ፣ ነጠብጣቦቹ ቦታቸው አንድ ስለሆነ ቀላል ነበሩ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አንዱን ፎቶ አስተካክሎ ማስተካከያውን ወደ ቀሪዎቹ መገልበጥ ይቻላል። ሰማይ ላይ ያምራል። ነጠብጣቡ ፊት ወይም ጥልፍ ላይ ሲያርፍ ግን ኮምፒውተሩ የጥበብ ቀሚሱን ጥለት ስለሚያበላሸው በየፎቶው ማየት ግድ ነው። ጭጋጉ ደግሞ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ለብቻው ኮንትራስት እየተጨመረ ነው የተስተካከለው። ሌሊቱን ሙሉ ሠራበት። የሙሽራዋ እናት ምንም ሳያዩ ተቀበሉት።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ልማዱን ትንሽ ለውጧል። ሌንስ የሚቀይረው መኪና ውስጥ ወይም በር ዘግቶ ነው። መጀመሪያ ካሜራውን ያጠፋል፣ አፉን ወደ ታች ያደርጋል፣ የሚገባው ሌንስ ክዳኑ ላላ ብሎ ይጠብቃል። የቦዲውን ክዳንና የሌንሱን የኋላ ክዳን እርስ በርስ ገጥሞ ያስቀምጣቸዋል። ውስጣቸው አቧራ አይገባም። ቦርሳውን በቫኪዩም ያጸዳል። ለቤተሰብ ፎቶ ኤፍ 11 የሚያደርገው "ሁሉም ሰው ፎከስ ውስጥ እንዲገባ" ነበር። ሁለት ረድፍ ለቆመ ቤተሰብ ኤፍ 8 እንደሚበቃው ራሱ ሞክሮ አየ። የሙከራ ፎቶ የሚያነሳው ከትልቅ ሥራ በፊት ነው። ነጠብጣብ ካየ መንፊያውን ያወጣል። በመንፊያ ያልሄደ ነገር ካለ ይደውላል።

ካሜራውን ከክረምቱ በኋላ ሊሸጠው አስቧል። ጭረቷን ለገዢው በኤፍ 16 አንስቶ እንዲያሳይ ነግሬዋለሁ። ዋጋው ትንሽ ይወርድበታል። "ትንሽ ማለት ስንት ነው ጋሼ?" ብሎ ገና እየተከራከረኝ ነው።